ጉንደ ወይን ያለች ፔንሲዮን ስልክ ላይ እንዴት ትገኛለች? ሆቴልና የእንግዳ ቤት በኢንተርኔት የአልጋ ማስያዣ ገጾች ላይ ለማስመዝገብ ማወቅ ያለባችሁ

የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ጉንደ ወይን ከደጀን ተነስቶ በብቸና አድርጎ ወደ ሞጣና ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። በዚህ መስመር የሚያልፍ ሰው ሲመሽበት አልጋ የሚያገኘው አሁንም እንደ ድሮው ነው። ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ይጠቁመዋል፣ ካልሆነም ቦርሳውን አንጠልጥሎ በየበሩ "አልጋ አለ?" እያለ ይጠይቃል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣው ወጣት ግን ገና ሳይነሳ ስልኩን ከፍቶ ይፈልጋል። ስልኩ ላይ ምንም ካላገኘ "እዚያ ማደሪያ የለም" ብሎ ይደመድምና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ለማደር ያቅዳል። አልጋው እያለ እንግዳው ያልፋል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የቤተሰብ ፔንሲዮን፣ ትንሽ ሆቴል ወይም ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ያላችሁ፣ ወይም ለወላጆቻችሁ ስልኩን የምትይዙላቸው ልጆች፣ እነዚህ ገጾች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚያስከፍሉና የት ላይ እንደሚያስቸግሩ በዝርዝር እናያለን። ረዘም ይላልና ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ቢነበብ ይሻላል።

1. እነዚህ ገጾች ምንድን ናቸው?

በአጭሩ ዘመናዊ ደላላ ናቸው። ቤቱ የናንተ ነው፣ እንግዳውን የሚያመጡት እነሱ ናቸው፣ ለዚህም ኮሚሽን ይወስዳሉ። ከሰፈር ደላላ የሚለዩት ዋጋው፣ ፎቶውና ያደሩ ሰዎች የሰጡት አስተያየት ለሁሉም ሰው በግልጽ መታየቱ ነው።

ቡኪንግ ዶት ኮም፦ እ.ኤ.አ በ1996 በኔዘርላንድስ የተጀመረ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ አምስተርዳም ነው። በአገራችን የሆቴሎችና የፔንሲዮኖች ስም በብዛት የሚታይበት ገጽ ይኸው ነው። አጎዳና ካያክ የሚባሉት ገጾችም የዚሁ እናት ኩባንያ ንብረት ናቸው።

ኤርቢኤንቢ፦ እ.ኤ.አ በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የቤት ኪራይ የከበዳቸው ወጣቶች ሳሎናቸው ውስጥ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ዘርግተው በማከራየት የጀመሩት ነው። ከሆቴል ይልቅ ለመኖሪያ ቤት፣ ለአፓርታማና ለአንድ ክፍል ይስማማል። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌና አካባቢው ላይ ከውጭ ለሚመጡ ወገኖቻችን የሚከራዩ ቤቶች በብዛት የሚገኙት እዚህ ላይ ነው።

ኤክስፒዲያ፦ እ.ኤ.አ በ1996 በማይክሮሶፍት ውስጥ ተጀምሮ በኋላ ራሱን የቻለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ሆቴልስ ዶት ኮምም የእሱ ነው።

ጎግል ማፕ፦ ይሄ ደላላ አይደለም፣ ካርታ ነው። ግን ለትንሽ ከተማ ከሁሉም በፊት የሚቀድመው እሱ ስለሆነ ከታች ለብቻው እንመለስበታለን።

2. ከስልኩ በፊት ወረቀቱ

ብዙ ሰው አፑን አውርዶ ይጀምራል። ትክክለኛው መነሻ ግን የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ባህልና ቱሪዝም ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥርና ለማረፊያ አገልግሎት የሚሰጠው የብቃት ማረጋገጫ መያዝ አለባችሁ። ገጾቹ ሲመዘግቡ "ፈቃድ አለህ ወይ?" ብለው በዝርዝር ላይጠይቁ ይችላሉ። ውሉን ስትቀበሉ ግን የአገራችሁን ሕግ አክብራችሁ እንደምትሠሩ ፈርማችኋል። ነገ ጥያቄ ቢነሳ ተጠያቂው የቤቱ ባለቤት እንጂ አምስተርዳም ያለው ኩባንያ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መኖሪያ ቤትን በወር ማከራየትና በቀን ለእንግዳ ማከራየት በሕግ አንድ አይደሉም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ (ቁጥር 1320/2016) ስለ ውል ምዝገባና ስለ ኪራይ ጭማሪ ደንግጓል። መኖሪያ ቤታችሁን በቀን ለማከራየት ያሰባችሁ ካላችሁ የናንተ ቤት በየትኛው መዝገብ እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እንግዳ ሲገባ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት አይቶ መመዝገብም እንደ ወትሮው ግዴታ ነው። "በኢንተርኔት ስለያዘ ስሙ ስልኬ ላይ አለ" ማለት አይሠራም። ስልክ ላይ ያለው ስም ያስያዘው ሰው ስም እንጂ የሚያድረው ሰው ስም ላይሆን ይችላል።

3. የመጀመሪያው እርምጃ ነፃ ነው፦ ጎግል ማፕ

ወደ ቡኪንግ ከመሮጣችሁ በፊት ቤታችሁን ጎግል ማፕ ላይ አስገቡ። ክፍያ የለውም፣ ኮሚሽንም የለውም። የንግድ ስም፣ ስልክ፣ ፎቶና ትክክለኛ ቦታ ታስገባላችሁ። ከዚያ ባለቤትነታችሁን እንድታረጋግጡ ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜም የቤቱን በር፣ ታፔላውንና ውስጡን የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በመቅረጽ ነው።

ለምን ይቀድማል ካላችሁ፣ በኛ አገር የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ቤት የሚያገኝ እንግዳ የለም። "ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከቴሌ ጀርባ" ነው አድራሻችን። የውጭ ገጾች ደግሞ የመንገድ ስምና ፖስታ ኮድ ይጠይቃሉ። መፍትሔው በካርታው ላይ ያለችውን ምልክት በጣት ጎትቶ በትክክል በጣራችሁ ላይ ማሳረፍ ነው። ምልክቷ ሁለት መቶ ሜትር ከሳተች እንግዳው በምሽት የሰው ግቢ ያንኳኳል።

ሌላው የስም ነገር ነው። "ጉንደ ወይን" በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ ሁለት ቃል ያደርገዋል፣ ሌላው ያያይዘዋል፣ አናባቢውንም እያንዳንዱ በመሰለው ይጽፋል። የሆቴላችሁ ስምም እንደዚያው። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ታፔላው፣ ጎግል ማፕ፣ ቡኪንግ፣ ደረሰኙ ላይ ሁሉ ያንኑ ተጠቀሙ። በሦስት ስም የተመዘገበ ቤት ሲፈለግ ሦስቱም ቦታ ላይ አይገኝም።

4. ምዝገባው ደረጃ በደረጃ

ቡኪንግን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሌሎቹም በብዛት ተመሳሳይ ናቸው።

አንደኛ፣ የንብረቱን ዓይነት መምረጥ ነው። ሆቴል፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ አፓርታማ፣ በቤተሰብ ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል የሚሉ አማራጮች ይመጣሉ። ስድስት ክፍል ያላት ፔንሲዮን "ሆቴል" ተብላ ከተመዘገበች እንግዳው ሬስቶራንትና ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ መቀበያ ይጠብቃል። "የእንግዳ ማረፊያ" ብትሉ እውነቱን ተናገራችሁ፣ ቅሬታም ቀነሳችሁ።

ሁለተኛ፣ ክፍሎቹን በዓይነት መለየት። መታጠቢያው ክፍሉ ውስጥ ነው (ሰዉ "ሰልፍ" የሚለው) ወይስ የጋራ? አልጋው የአንድ ሰው ነው ወይስ የሁለት? ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። የጋራ መታጠቢያ ያለውን ክፍል "የግል መታጠቢያ አለው" ብሎ መሙላት ለአንድ ሌሊት ገንዘብ ያመጣል፣ ለዓመታት ግን መጥፎ ነጥብ ትቶ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ አገልግሎቶችን ምልክት ማድረግ። ዋይፋይ፣ ሙቅ ውኃ፣ ጄኔሬተር፣ መኪና ማቆሚያ፣ ቁርስ። እዚህ ላይ ደፈር ብላችሁ እውነቱን ጻፉ። "መብራት አንዳንዴ ይጠፋል፣ ውኃ ግን ከሮቶ ስለምናቀርብ አይቋረጥም" የሚል ዓረፍተ ነገር እንግዳ አያባርርም። እንግዳን የሚያባርረው "ሃያ አራት ሰዓት ሙቅ ውኃ" የሚለውን አንብቦ መጥቶ በጎንቻ ብርድ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠቡ ነው።

አራተኛ፣ ፎቶ። በስልክ የተነሳ ይበቃል። በቀን፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ስልኩን አግድም ይዛችሁ አንሱ። አልጋውን፣ መታጠቢያውን፣ መጸዳጃውን፣ ግቢውንና ከመንገድ ሲታይ በሩን አሳዩ። የመጸዳጃ ቤት ፎቶ የሌለው ቤት ላይ ሰው ይጠራጠራል። የሌላ ሆቴል ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ መለጠፍ ደግሞ ማታለል ነው፣ ገጹም ሊዘጋባችሁ ይችላል።

አምስተኛ፣ ማብራሪያው። በአጭርና ቀላል እንግሊዝኛ ይጻፍ። ሰው ወደ አካባቢያችን የሚመጣበትን ምክንያት ጨምሩበት። የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ቤተክርስቲያንና ከንግሥት እሌኒ ጋር የሚያያዘው የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፍርስራሽ፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በብቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከሞጣ በኩል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ፣ ከዚያም የጮቄ ተራራ። የጮቄ ተራሮች ኢኮቪሌጅ እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ስንቶቻችን እናውቃለን? የውጭ አገር ሰው "ጮቄ" ብሎ ሲፈልግ የናንተም ስም አብሮ ቢወጣ ጥሩ ነው። ርቀቱን ግን አታሳንሱ፣ መንገዱ ምን ያህል ሰዓት እንደሚወስድ በሐቅ ጻፉ።

ስድስተኛ፣ ማረጋገጫ። ገጹ ቤቱ በእርግጥ መኖሩንና የናንተ መሆኑን በስልክ፣ በሰነድ ወይም በሌላ መንገድ ያጣራል። ይህ እስኪያልቅ ቤታችሁ ላይታይ ይችላልና ታገሡ።

5. ሰዓትና ቀን፦ የኛ አገር ትልቁ ወጥመድ

ይሄን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡ። ገጾቹ የሚሠሩት በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ነው።

"መግቢያ ከ8 ሰዓት ጀምሮ" ብላችሁ በልማዳችን ብትሞሉ ገጹ የሚረዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ብሎ ነው። እንግዳው ጠዋት በ2 ሰዓት ሻንጣውን ይዞ ይመጣል፣ ክፍሉ ደግሞ ገና አልጸዳም። ከቀኑ 8 ሰዓት ለማለት 14፡00 ነው የሚሞላው። መውጫ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሆነ 11፡00 ይባላል። ስሌቱ 6 ሰዓት መጨመር ወይም መቀነስ ነው።

ቀኑም እንደዚያው። "ወር 5" ለኛ ጥር ነው፣ ለገጹ ግን ሜይ ነው፣ ማለትም ሚያዝያና ግንቦት። ሜይ 1 የኛ ሚያዝያ 23 ነው። እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 (አንዳንዴ 12)፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 (አንዳንዴ 20) ላይ ይውላል። በበዓል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከውጭ ወደ ቤተሰብ የሚመጣ ሰው ስለሚበዛ እነዚህን ቀኖች በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ መቀበያው ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ሌላም አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። እንግዳው ለሐሙስ ሌሊት ይዞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቢደርስ ለገጹ ዓርብ ሆኗል፣ ቦታው ግን የሐሙስ ነው። "ሳይመጣ ቀረ" ብላችሁ አልጋውን ለሌላ ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉለት።

6. ዋጋና ኮሚሽን፦ ሒሳቡን እንሥራው

የቡኪንግ ኮሚሽን ከአገር አገር ይለያያል፣ በአማካይ 15 በመቶ አካባቢ ነው። ኤርቢኤንቢ ላይ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ከአከራዩ 3 በመቶ አካባቢ ወስዶ የቀረውን የአገልግሎት ክፍያ ከእንግዳው ላይ መጨመር ነበር። ሙሉውን ከአከራዩ የሚወስድበት ሌላ አሠራርም አለው፣ እሱ 15 በመቶ ገደማ ይደርሳል። የናንተ ስንት እንደሆነ ውሉ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ለምሳሌ አንድ ክፍል በ1,000 ብር አወጣችሁ እንበል። በ15 በመቶ ሒሳብ 150 ብር ኮሚሽን ነው፣ 850 ይቀራችኋል። ገጹ "ለደንበኞቻችን 10 በመቶ ቅናሽ ብታደርግ ከላይ አወጣሃለሁ" የሚል ፕሮግራም ያቀርብላችኋል። ከተቀበላችሁ ዋጋው 900 ይሆናል፣ ኮሚሽኑ 135፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 765 ብር። ከዚህ ላይ የአንሶላ እጥበት፣ ውኃ፣ መብራት፣ ደመወዝና ግብር ይቀነሳል። ቁርስ "በነፃ" ካላችሁ ደግሞ እሱም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ይሄን ሳያሰሉ "ቅናሽ" የሚለውን በተን መጫን አያዋጣም።

ዋጋው ታክስን ያካትታል ወይስ አያካትትም የሚለውንም በግልጽ ሙሉ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ቤት 15 በመቶ አለበት። እንግዳው ስልኩ ላይ 1,000 አይቶ በር ላይ 1,150 ሲባል የተጭበረበረ ይመስለዋል።

የዶላር ነገርም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ዋጋውን በዶላር ያስቀመጠ ሰው በየትኛው ቀን ምንዛሪ ብር እንደሚቀበል አስቀድሞ ካልጻፈ በር ላይ ክርክር ይነሳል። በብር ያስቀመጠው ደግሞ ቢያንስ በየወሩ ዋጋውን ማየት አለበት።

7. ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

ሁለት መንገድ አለ። በመጀመሪያው እንግዳው መጥቶ ለናንተ ይከፍላል፣ ገጹ በወሩ መጨረሻ የኮሚሽን ደረሰኝ ይልካል። በሁለተኛው ገጹ ራሱ ከእንግዳው ተቀብሎ ለናንተ ይልካል። ኤርቢኤንቢ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ይሠራል፣ ክፍያውን የሚለቀው እንግዳው ከገባ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው።

ለትንሽ ፔንሲዮን የመጀመሪያው ይቀላል። እንግዳው በጥሬ ብር፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል። ግን ሁለት ጥያቄ ከመፈረማችሁ በፊት ለባንካችሁ አቅርቡ። አንደኛ፣ ኮሚሽኑ ለውጭ ኩባንያ የሚከፈል ስለሆነ በምን መንገድ ትከፍላላችሁ? ሁለተኛ፣ ገጹ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚልክላችሁ ከሆነ በየትኛው ሒሳብ ይገባል? መልሱን ሳይይዙ መጀመር ዕዳ ማጠራቀም ነው። ደረሰኙ ሳይከፈል ከቆየ ገጹ ቤታችሁን ይዘጋል።

ያልመጣ እንግዳ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ኪሳራ ነው። እንግዳው አስይዞ ቢቀርና እናንተ አፑ ላይ "አልመጣም" ብላችሁ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካላስመዘገባችሁ፣ ገጹ እንዳደረ ቆጥሮ ኮሚሽን ይጠይቃል። በወር 6 እንግዳ ቢቀርና ባታስመዘግቡ፣ ከላይ ባለው ዋጋ 900 ብር ምንም ሳይገባችሁ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ቁርስ ከማቅረባችሁ በፊት የትናንቱን ዝርዝር ዝጉ።

እንግዳው በር ላይ ደርሶ "በገጹ የያዝኩትን ልሰርዘውና ቀጥታ ለናንተ ልክፈል፣ ትንሽ ቀንሱልኝ" ቢልስ? ያጓጓል። ግን ከውሉ ውጭ ነው፣ ከተደረሰበትም ያዘጋል። ሲወጣ ግን ቢዝነስ ካርድ ሰጥቶ "በሚቀጥለው ጊዜ በቀጥታ ደውሉልን" ማለት ደንበኛ ማፍራት ነው።

8. ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ

የኛ ፔንሲዮኖች ዋና ደንበኛ በእግሩ የመጣው ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ያወረደው ነጋዴ ሲመጣ "አልጋ አለ" ትሉታላችሁ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ያንኑ ክፍል ከአዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ ይይዘዋል። በውሉ መሠረት በገጹ ያስያዘውን እንግዳ ማስተናገድ ካልቻላችሁ ተመጣጣኝ ማደሪያ ፈልጋችሁ የዋጋ ልዩነቱን መሸፈን የናንተ ፋንታ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አሥር ክፍል ካላችሁ ሁለት ወይም ሦስቱን ብቻ ለገጹ ስጡ፣ እነዚያን በር ላይ አትሽጡ። ሲመሽ ካልተያዙ መጀመሪያ አፑ ላይ ዝጉና ከዚያ ለመጣው ስጡ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛነፍ።

9. ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይሄ ለኛ አካባቢ የይሆናል ጥያቄ አይደለም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። እናንተ ኢንተርኔት ባይኖራችሁም ገጹ ግን መሸጡን አያቆምም፣ ምክንያቱም የሚሠራው እዚህ አይደለም።

ስለዚህ፦
- አካውንቱ ላይ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ። አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለ የምታምኑት የቤተሰብ አባል ይሁን። በራሱ ስምና በራሱ የይለፍ ቃል ይግባ፣ የናንተን አትስጡት።
- "ስልክ ሦስት ቀን ካልሠራ ቀኖቹን ዝጋ" ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።
- ገና ለዓመቱ ያሉ ቀኖችን ሁሉ አትክፈቱ። የሁለት ወይም የሦስት ወር ይበቃል።
- የተያዙትን እንግዶች ስምና ስልክ በደብተር ገልብጡ። መደወል ብቻ የሚቻልበት ቀን ይመጣል።
- መንገዱ ወይም ጸጥታው አስጊ በሆነበት ጊዜ ለያዘው እንግዳ ደውላችሁ እውነቱን ንገሩት። የአንድ ሌሊት ኪራይ ከሰው ደኅንነት አይበልጥም።

10. አጭበርባሪዎች፦ ሳይቃጠል በቅጠል

እዚህ ላይ የሚጠፋው ገንዘብ ከኮሚሽን ይበልጣል። እ.ኤ.አ በመጋቢት 2025 ማይክሮሶፍት ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ የቡኪንግን ስም አስመስለው ለሆቴል ሠራተኞች ኢሜይል የሚልኩ ወንጀለኞች በብዙ አገሮች እየሠሩ መሆኑን ገልጿል። ዘዴው ይሄ ነው፦ "እንግዳ መጥፎ አስተያየት ጽፎባችኋል፣ ለማየት እዚህ ይጫኑ" የሚል መልእክት ይመጣል። የምትደነግጡበትን ነገር መርጠው ነው የሚልኩት። ሊንኩ የይለፍ ቃላችሁን ወይም ኮምፒውተራችሁን ይሰርቃል። ከዚያ በናንተ አካውንት ገብተው ለእንግዶቻችሁ "ክፍያህ አልተረጋገጠም፣ በዚህ ካርድ ቁጥርህን አስገባ" ይላሉ። የሚዘረፈው እንግዳው ነው፣ የሚጠፋው ግን የናንተ ስም ነው።

ጥንቃቄው፦
- በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ ሊንክ ተጭናችሁ አትግቡ። ሁልጊዜ ራሳችሁ አፑን ከፍታችሁ ግቡ።
- በስልክ የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትንገሩ፣ "ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ" ቢላችሁም።
- ለመመዝገብ ቅድሚያ ገንዘብ ይከፈላል የሚል "ወኪል" ከመጣ ተጠራጠሩ። በቡኪንግና በኤርቢኤንቢ መመዝገብ በራሱ አያስከፍልም፣ የሚያስከፍለው እንግዳ ሲያድር ነው።
- ቀብድ በቴሌብር ላክሁ ብሎ ስክሪንሾት የላከን ሰው አመስግናችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ሒሳብ እዩ። ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም።
- "በስህተት ብዙ ላክሁ፣ ትርፉን ለሾፌሩ መልሱልኝ" የሚል እንግዳ የቆየ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው። ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ሳታዩ ምንም አትመልሱ።

11. አስተያየት፦ የዘመኑ ታፔላ

ቡኪንግ ላይ አስተያየት መጻፍ የሚችለው በገጹ ይዞ ያደረ ሰው ብቻ ነው፣ ከወጣ በኋላ እስከ 3 ወር ድረስ። ነጥቡ ከ10 ነው፣ 36 ወር ያለፈው አስተያየት ይወርዳል። ኤርቢኤንቢ ላይ ደግሞ እንግዳውም አከራዩም በ14 ቀን ውስጥ ይጽፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ።

በተለይ በመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት እንግዶች ላይ አትሳነፉ፤ ጥቂት አስተያየት ብቻ ያለው ቤት በአንድ ዝቅተኛ ነጥብ ይወድቃል። መጥፎ አስተያየት ሲመጣ አትሳደቡ፣ "ውሸት ነው" ብላችሁም አትጀምሩ። አመስግናችሁ ያስተካከላችሁትን ጻፉ። መልሳችሁን የሚያነበው ያ እንግዳ ሳይሆን ቀጣዩ ሰው ነው። ዘመድ አዝማድ አስይዞ አስር ማስጻፍም አይሞከር፣ ገጾቹ ይይዙታል።

12. ታዲያ ለጉንደ ወይን ያዋጣል?

እውነቱን እንነጋገር። የከተማችን አዳሪ በብዛት ነጋዴ፣ ለሥራ የመጣ የመንግሥት ወይም የድርጅት ሠራተኛ፣ ለቤተሰብ ጉዳይ የመጣ ሰውና መንገድ ላይ የመሸበት ነው። ለዚህ ሰው 15 በመቶ ኮሚሽን ከፍሎ መፈለግ አያስፈልግም፣ ጎግል ማፕ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን አግኝቶ ቢደውል ይበቃዋል። ስለዚህ ነፃው እርምጃ ዛሬውኑ ለሁሉም ያዋጣል።

ቡኪንግ የሚያዋጣው ንጹሕ የግል መታጠቢያ ያላቸው ሁለት ሦስት ክፍሎች ላሉት፣ በእንግሊዝኛ መልእክት ቶሎ የሚመልስ ሰው ላለው፣ የኮሚሽን ክፍያ መንገዱን ከባንክ ጋር ለጨረሰ ነው። በበዓልና በሠርግ ሰሞን ከውጭ የሚመጡ የአካባቢው ልጆች፣ ወደ ጮቄና ወደ ጥንታዊ ገዳማቱ የሚሄዱ ጎብኚዎች በዚህ በኩል ይመጣሉ። ቁጥራቸው ብዙ ላይሆን ይችላል፣ ግን አድረው፣ በልተው፣ አስጎብኚ ቀጥረው ነው የሚሄዱት። ገንዘቡ ከፔንሲዮኑ አልፎ ለእንጀራ ጋጋሪዋ፣ ለባጃጁና ለሱቁ ይደርሳል።

አያቶቻችን "የመሸበት የእግዜር እንግዳ" ሲሉ በር የሚከፍቱት እግር አጥቦ ለማሳደር ነበር። ዛሬ በሩ ስልክ ላይም አለ። ስልኩ ላይ የጻፋችሁትና ቤታችሁ ውስጥ ያለው አንድ ከሆነ እንግዳው ራሱ ሌላ እንግዳ ያመጣላችኋል።

በአጭሩ ለሚፈልጉ፦
- መጀመሪያ ፈቃድና ቲን፣ ከዚያ ጎግል ማፕ፣ ከዚያ ቡኪንግ ወይም ኤርቢኤንቢ።
- አንድ የስም አጻጻፍ፣ አንድ ትክክለኛ የካርታ ምልክት።
- 8 ሰዓት ማለት 14፡00 ነው።
- ሁለት ሦስት ክፍል ብቻ ለገጹ ስጡ።
- ያልመጣን እንግዳ በጊዜው አስመዝግቡ።
- ኮድና የይለፍ ቃል ለማንም አይሰጥም።
- ኔትወርክ ሲጠፋ ቀኖቹን የሚዘጋ ሰው ሌላ ከተማ ይኑራችሁ።

በአካባቢያችሁ ፔንሲዮን ወይም የእንግዳ ቤት ላላቸው ሼር አድርጉላቸው። ስልክ ለማይጠቀሙ እናትና አባቶች ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።